ያደጉ ልጆቻችን ከእምነታችን ሲርቁ፦ እግዚአብሔርን እየታመኑ የመጠበቅ መንገድ

አንድ ልጅ አድጎ ራሱን ከቻለ በኋላ ወላጆቹ ያሳደጉበትን እምነት እንደተወ ሲናገር፣ ወይም ምንም ሳይናገር በዝምታ ሲርቅ፣ ወደ ቤቱ የሚገባው ኀዘን ስም አይወጣለትም። የሞተ ሰው ስለሌለ የሚያጽናና አይመጣም። ልጁ ጤነኛ ነው፤ ይሠራል፣ ይደውላል፣ ምናልባትም ከብዙ አማኞች ይልቅ ደግ ነው። እናትና አባት ግን ለጸሎት በተንበረከኩ ቁጥር ስሙ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይሰበራል፤ በቤተ ክርስቲያን የሌሎችን ልጆች ባዩ ቁጥር አንገታቸውን ይደፋሉ።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ከዚያ ኀዘን ውስጥ ሆኜ ነው። ሴት ልጃችን 23 ዓመት ሲሞላት «ልዋሻችሁ ስላልፈለግሁ ነው የምነግራችሁ፤ ከእንግዲህ አላምንም» ካለችን 11 ዓመት አልፏል። እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ያደረግሁት አብዛኛው ነገር እርሷን ወደ እምነት ያቀረበ ሳይሆን ከእኔም ጭምር ያራቀ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅዱሳት መጻሕፍትን እንደ አዲስ እያነበብሁ፣ ተመሳሳይ ሸክም የተሸከሙ ወላጆችንም እያዳመጥሁ የተማርሁት ሁሉ በአንድ ሐሳብ ዙሪያ ይሰበሰባል፦ የልጅን ልብ መመለስ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ መውደድ፣ መጸለይ፣ የራስን በደል መናዘዝና በሩን ሳይዘጉ መጠበቅ የወላጅ ሥራ ነው። እግዚአብሔርን መታመን በዕለት ተዕለት ኑሮ ሲገለጥ እነዚህን ሁለት ሥራዎች አለማደባለቅ ነው። የእርሱን ሥራ እኛ ልንሠራ ስንሞክር ልጁን እናስጨንቃለን፤ የእኛን ሥራ በእርሱ ላይ ጥለን ስንቀመጥ ደግሞ ስንፍናችንን እምነት ብለን እንጠራዋለን።

ዜናውን የሰማችሁ ሰሞን

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትልቅ ውሳኔ አትወስኑ፤ ማስጠንቀቂያም አትስጡ። ልጁ ይህን ለመናገር ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ሲያመነታ እንደቆየ አስቡ። ለእናንተ ድንገተኛ የሆነው ነገር ለእርሱ ድንገተኛ አይደለም። ስለዚህ እርሱ ብዙ ያሰበበትን ጉዳይ በአንድ ምሽት ክርክር እንረታዋለን ብሎ መነሣት ከንቱ ድካም ነው። ለዚያች ሰዓት የሚበቃው ንግግር አጭር ነው፦ «ይህን ስለነገርከን እናመሰግንሃለን። ለእኛ ከባድ ነው፤ አንደብቅህም። ልጃችን መሆንህ ግን ትናንት እንደነበረው ዛሬም አለ።» ከዚህ የከረረ ነገር ቀድሞ ካመለጣችሁ፣ ቀኑ ሳይመሽ ወይም ሳምንቱ ሳያልቅ ተመልሳችሁ ይቅርታ ጠይቁ። በእምነት ጉዳይ ላይ የተናገራችሁትን እውነት መሻር አያስፈልጋችሁም፤ ይቅርታ የምትጠይቁት ስለ ቃሉ ክረትና ስለ ቁጣው ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ መጠየቅና መስማት ነው። «ከእምነት ራቀ» የምንለው ነገር ከውጭ ሲታይ አንድ ይምሰል እንጂ ውስጡ ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ ልጅ በሥራና በኑሮ ውጣ ውረድ ደክሞ ከጉባኤ ቀረ እንጂ በልቡ ያምናል። ሌላው በ15 ዓመቱ ያነሣው ጥያቄ «እንዲህ አይጠየቅም» በሚል ቁጣ ታፍኖበት፣ ያ ጥያቄ ውስጡ ሲያድግ የኖረ ነው። አንዷ ከአማኞች በደረሰባት ንቀት ወይም ሐሜት ቆስላለች፤ ሌላዋ እምነቷ የማይፈቅደውን ሕይወት መርጣ፣ ሁለቱን ይዞ መኖር ስላስጨነቃት አንዱን ትታለች። የክርስቶስን ስም ሳይተው ወላጆቹ ወደማይሄዱበት ሌላ ቤተ ክርስቲያን የሄደም አለ፤ በዚህኛው ጊዜ ወላጅ የሚያዝነው ስለ እግዚአብሔር ክብር ነው ወይስ ስለ ቤተሰቡ ስም የሚለውን በእግዚአብሔር ፊት በሐቅ መመርመር ይኖርበታል። ለእነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ መስጠት የሆድ ሕመምንና የልብ ሕመምን በአንድ መድኃኒት እንደማከም ነው። «እስቲ እንዴት እንደ ጀመረ ንገሪኝ» ብሎ ጠይቆ፣ ሳያቋርጡና በልብ መልስ ሳያዘጋጁ መስማት ከብዙ ስብከት ይልቅ ይረዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። ልጃችሁ በቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ወይም በሌላ የታመነ ሰው ጥቃት ደርሶብኛል ካለ፣ የመጀመሪያው ግዴታችሁ እርሱን መስማትና ከጎኑ መቆም እንጂ የማኅበሩን ስም መጠበቅ አይደለም። የተፈጸመው ነገር ወንጀል ከሆነ ከልጁ ጋር ተመካክሮ ወደ ሕግ መውሰድ ይገባል። ወላጆቹ ከእርሱ ይልቅ ለበዳዩ ሲቆረቆሩ ያየ ልጅ፣ ወላጆቹ ስለሚያመልኩት አምላክ የሚደርስበት ድምዳሜ ሊያስደንቀን አይገባም።

«ምን አጠፋሁ?» የሚለው ጥያቄ

ሌሊት የሚያነቃን ጥያቄ ይህ ነው። ብዙ ወላጆችን የሚያደማው ደግሞ የምሳሌ መጽሐፍ 22፥6 ነው፦ «ልጅን በሚሄድበት መንገድ ምራው፥ በሸመገለም ጊዜ ከእርሱ ፈቀቅ አይልም።» ይህን ቃል እግዚአብሔር ከወላጆች ጋር የተፈራረመው ውል አድርገን ካነበብነው፣ ልጁ ፈቀቅ ባለ ጊዜ ሁለት መደምደሚያ ብቻ ይቀርልናል፤ ወይ እግዚአብሔር ቃሉን አጠፈ፣ ወይ እኛ አልመራነውም። የምሳሌ መጽሐፍ ግን ጥበበኞች የሕይወትን አካሄድ ተመልክተው ያኖሩት ምክር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ወዴት እንደሚያዘነብል ይናገራል። ያው መጽሐፍ በምዕራፍ 15 ላይ የአባቱን ተግሣጽ ስለሚንቅና እናቱን ስለሚያቃልል ልጅ ይናገራል። መልካም ትምህርት ተሰጥቶት እምቢ የሚል ልጅ እንዳለ የሚያውቅ መጽሐፍ ለወላጅ እንዲህ ያለ ውል አይፈርምም።

ሕዝቅኤል ምዕራፍ 18 ነገሩን በ3 ትውልድ ይዘረዝረዋል፦ ጻድቅ አባት ዓመፀኛ ልጅ ይወልዳል፤ ያም ዓመፀኛ የአባቱን ክፉ ሥራ አይቶ የሚጸየፍ ጻድቅ ልጅ ይወልዳል፤ እያንዳንዱም በራሱ ይጠየቃል። በነገሥታት ታሪክ ይህ በእርግጥ ሆኖ እናየዋለን። ሕዝቅያስ እግዚአብሔርን የታመነ ንጉሥ ነበር፤ ልጁ ምናሴ አባቱ ያፈረሳቸውን የጣዖት መስገጃዎች መልሶ ሠራ። የምናሴ ልጅ አሞን የአባቱን ክፋት እንጂ ንስሐውን አልወረሰም፤ የአሞን ልጅ ኢዮስያስ ደግሞ በ8 ዓመቱ ነግሦ ከይሁዳ ነገሥታት ሁሉ እጅግ ቅን ከሆኑት አንዱ ሆነ። እምነት ከአባት ወደ ልጅ እንደ ርስት የሚተላለፍ ቢሆን ኖሮ ይህ የትውልድ ሐረግ እንዲህ አይወዛወዝም ነበር። ከሁሉም በላይ በኢሳይያስ 1፥2 ልጆችን አሳድጌ ዐመፁብኝ ብሎ የሚናገረው ራሱ እግዚአብሔር ነው፤ በእርሱ አስተዳደግ ላይ ስሕተት የሚያገኝ ማን ነው?

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ ሌላውን ጎን መዝለል ሐቀኝነት አይሆንም። መጽሐፍ ቅዱስ ሁለት አባቶችን ለይቶ ያሳየናል። የሳሙኤል ልጆች ኢዮኤልና አብያ በቤርሳቤህ ፈራጆች ሆነው ጉቦ ተቀበሉ፣ ፍርድም አጣመሙ፤ ስለዚህ ግን ሳሙኤል አልተወቀሰም። የካህኑ የዔሊ ልጆች ሲረክሱ ግን ዔሊ እያወቀ ስላልከለከላቸው ተወቅሷል። ስለዚህ እውነተኛ በደልና የሐሰት ወቀሳ ሁለቱም አሉ፤ መለየትም ይቻላል። የሐሰቱ ወቀሳ ጭጋግ ይመስላል፤ «ሁሉም የእኔ ጥፋት ነው» ይላል እንጂ የተለየ ነገር አይጠቅስም፤ ሌት ተቀን ያደቅቃል እንጂ ምንም ነገር አያሠራም። እውነተኛው ወቀሳ ግን ቀን፣ ቦታና ቃል አለው። «በሰው ፊት አዋረድሁት።» «በጸሎት ስም አስፈራራኋት።» «በቤተ ክርስቲያን ሌላ ሰው፣ በቤት ሌላ ሰው ነበርሁ።» ሐዋርያው ጳውሎስ አባቶችን «ልባቸው እንዳይዝል ልጆቻችሁን አታስቈጡአቸው» ብሎ ያስጠነቀቀው እንዲህ ያለው ነገር በእርግጥ ስለሚደርስ ነው።

እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር ካገኛችሁ ለእግዚአብሔር ተናዘዙ፤ ከዚያ ወደ ልጃችሁ ሂዱ። ይቅርታው አጭርና ቀጥተኛ ይሁን፦ «በዚያ ጊዜ በእንግዶች ፊት የተናገርሁሽ ቃል ስድብ ነበር። እምነትን ለማስተማር ነው ብዬ ነበር፤ እውነቱ ግን ተናድጄና አፍሬ ነበር። ይቅር በዪኝ።» ከዚህ በኋላ ዝም በሉ። «ግን አንቺም...» ብላችሁ አትቀጥሉ፤ «አሁን ይቅር ካልሽኝ ለምን አትመለሺም?» ብላችሁ ይቅርታውን ማጥመጃ አታድርጉት። እኔ ለልጄ ይህን ለማድረግ 3 ዓመት ፈጅቶብኛል። ይቅርታ በጠየቅሁ ዕለት ምንም አልመለሰችልኝም፤ ከሳምንት በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ያልነገረችኝን የሥራዋን ነገር ደውላ አጫወተችኝ። ይቅርታዬ እምነቷን አልመለሰም። የእኔ ድርሻ የነበረ አንድ ድንጋይ ግን ከመንገዱ ተነሥቷል።

እንዴት እንጸልይ

ስለዚህ ጉዳይ የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሞኒካን ስም ያነሣል፤ እኔም አነሣዋለሁ፤ ዝርዝሩ ግን በአብዛኛው ከሚነገረው «እናት አለቀሰች፣ ልጅም ተመለሰ» ከሚለው አጭር ታሪክ ይልቅ ጠቃሚ ነው። በኋላ ታላቅ የቤተ ክርስቲያን መምህር የሆነው ልጇ አውግስጢኖስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ354 በሰሜን አፍሪካ በታጋስቴ ተወለደ። ለትምህርት ወደ ካርታጎ ሄዶ በ19 ዓመቱ ገደማ ማኒ የተባለ የፋርስ ሰው ወዳስተማረው፣ ቤተ ክርስቲያን እንደ ኑፋቄ ወደቆጠረችው ትምህርት ገባ፤ 9 ዓመት ያህልም በዚያ ቆየ። ሞኒካ በመጀመሪያ የወሰደችው እርምጃ ከእርሷ ጋር በአንድ ቤት እንዳይኖርና በአንድ ማዕድ እንዳይቀርብ መከልከል ነበር። ይህን የመሰከረው ራሱ ልጇ ነው። ከዚያ ሕልም አየች፦ እርሷ በእንጨት መለኪያ ላይ ቆማ ስታለቅስ አንድ ብሩህ ወጣት መጥቶ «አንቺ ባለሽበት እርሱም አለ» አላት፤ ዞራ ስታይ ልጇ እዚያው አጠገቧ ቆሟል። ከዚህ በኋላ ወደ ቤቷና ወደ ማዕዷ መለሰችው። ልብ በሉ፤ በዚያን ጊዜ ልጁ አንዳች አልተለወጠም ነበር። የተለወጠችው እናቲቱ ናት፤ ተስፋ ስላገኘች በሩን ከፈተች።

ወደ አንድ ጳጳስ ሄዳ ልጇን እንዲከራከርላት በለመነችው ጊዜም እምቢ አላት። እርሱ ራሱ በልጅነቱ ለማኒ ተከታዮች ተሰጥቶ ያደገ፣ መጻሕፍታቸውን አንብቦና ገልብጦ ስሕተቱን ማንም ሳይከራከረው የተረዳ ሰው ነበር። ተወት አድርጊው፤ ስለ እርሱ ጸልዪ እንጂ፤ እያነበበ ራሱ ይደርስበታል አላት። እርሷ ግን እያለቀሰች ስትጨቀጭቀው ሰልችቶት የዚህ ሁሉ እንባ ልጅ ሊጠፋ አይችልም ብሎ አሰናበታት። ሰዎች የሚጠቅሱት ይህን የመጨረሻውን ቃል ብቻ ነው፤ ለእኔ ግን ከፊቱ ያለው ምክር፣ ጸልዪ፣ ክርክሩን ግን ለጊዜው ተዪው የሚለው፣ ይበልጥ የሚሠራ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከታሪኩ ሁሉ የሚያስተምረኝ ግን የካርታጎ ወደብ ሌሊት ነው። አውግስጢኖስ በ383 ወደ ሮም ሊሄድ ሲል እናቱ እንዳይሄድ ያዘችው። እርሱም አታለላት፤ በቅዱስ ቆጵርያኖስ መታሰቢያ ቤት ስትጸልይ አድራ ስትነሣ መርከቡ ሄዷል። ያን ሌሊት የጸለየችው እንዳይሄድ ነበር፤ ጸሎቷ በቀጥታ ተከለከለ። ልጁ ግን በዚያው ጉዞ ወደ ሚላኖ ደረሰ፤ በዚያም የከተማውን ጳጳስ አምብሮስን ሰማ፤ በ387 በፋሲካ በእርሱ እጅ ተጠመቀ። አውግስጢኖስ በኋላ እንደተረዳው፣ እግዚአብሔር የዚያን ሌሊት ልመናዋን ያልሰጣት ሁልጊዜ የምትለምነውን ሊሰጣት ነበር። ስለዚህ ስትጸልዩ የምትፈልጉትን ውጤት ለምኑ፤ መንገዱን ግን አትዘዙ። «ያን ሥራ አያግኝ፣ ወደዚያ አገር አይሂድ፣ ከዚያች ጋር አይገናኝ» እያልን የምንዘጋው በር እግዚአብሔር ሊጠቀምበት ያሰበው ሊሆን ይችላል። (ሞኒካም በሁሉ አርአያ አይደለችም፤ ለልጇ ጋብቻ ለማመቻቸት በተደረገው ጥረት ከእርሱ ጋር ለዓመታት የኖረችውና ልጅ የወለደችለት ሴት ከጎኑ ተለይታ ወደ አፍሪካ ተመልሳለች፤ የዚያች ሴት ኀዘን ያሳዝነኛል።)

በተግባር የሚረዳኝን ልንገራችሁ። በቀን አንድ የተወሰነ ሰዓት ለልጁ ጸሎት ለዩ፤ ሰዓቱ ሲያበቃ አሜን ብላችሁ ተነሡና ወደ ሥራችሁ ሂዱ። ቀኑን ሙሉ መብሰልሰል ጸሎት ይመስላል እንጂ አይደለም። ሁልጊዜ ከምስጋና ጀምሩ፤ ምስጋናውም ዝርዝር ይኑረው፦ ለጓደኛው ስላደረገው ደግነት፣ ስለ ሐቀኝነቱ፣ በደወለ ጊዜ ስለሳቀው ሳቅ። ይህ ልጁን እንደ «ችግር» ሳይሆን እንደ ሰው እንድታዩት ዓይናችሁን ይጠብቃል። ስለ መመለሱ ብቻ ሳይሆን ስለ ጤናው፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ብቸኝነቱም ጸልዩ። እናንተ ልትደርሱበት በማትችሉት ቦታ እርሱ የሚያከብረውን አማኝ እንዲያስነሣለት ለምኑ፤ ከወላጁ የማይቀበለውን ከባልንጀራው የሚቀበል ብዙ ነው። ቃል ሲያልቅባችሁ «አቤቱ፥ እስከ መቼ» እያሉ የሚጮኹትን መዝሙራት ተዋሱ፤ ይህም ባይሆን ሮሜ 8፥26 መንፈስ ራሱ በማይነገር መቃተት እንደሚማልድልን ይናገራልና በዝምታ ተንበርከኩ። ሌሎች እንዲጸልዩላችሁ ስትጠይቁ ደግሞ የልጁን ምስጢር አትበትኑ፤ ምስጢር የሚጠብቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ይበቃሉ። በማዕድ ላይ ልጁ እንዲሰማ ታስቦ የሚጸለይ ጸሎት ግን ወደ ልጁ የተወረወረ ንግግር ነው፤ ልጁም ያውቀዋል።

በንግግርና በዝምታ መካከል

በሳምንት 5 ስብከት በስልክ መላክ፣ በእያንዳንዱ ወሬ መጨረሻ ላይ ጥቅስ ማስገባት፣ ሲታመም ወይም ሥራ ሲያጣ «እግዚአብሔር እየጠራህ ነው» ማለት፤ እኔ ሦስቱንም አድርጌያለሁ። ልጄ በኋላ እንደነገረችኝ የእኔ ስም በስልኳ ላይ ሲታይ ሳትከፍተው የምታልፍበት ጊዜ ነበር። ብዙ ወላጆች ዝም ካልን እምነታችንን የካድን ይመስለናል። ልጃችሁ ግን የምታምኑትን ያውቃል፤ 20 ዓመት ነግራችሁታል። አሁን የማያውቀው ነገር፣ ባያምንም ከእርሱ ጋር መሆን ያስደስታችሁ እንደሆነ ነው።

ይህ ማለት እምነታችሁን ደብቁ ማለት አይደለም። እርሱ ሲመጣም እንደወትሮው ጸልዩ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሂዱ፤ ጸሎቱን አታስረዝሙ፣ አታሳጥሩም። ስለ ራሳችሁ ስትናገሩ እግዚአብሔርን ጥቀሱ፤ «ያን ሰሞን በጣም ፈርቼ ነበር፤ መዝሙር እያነበብሁ ነው ያደርሁት» ማለት ምስክርነት ነው፤ «አንተም ብታነብ ኖሮ» የሚለው ሲጨመርበት ግን ይበላሻል። ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ በምዕራፍ 3 ቃሉን የማይታዘዙትን ያለ ቃል በኑሮ ስለ መማረክ ይናገራል፤ በዚያው ምዕራፍ ደግሞ ለሚጠይቅ ሁሉ በየዋህነትና በፍርሃት መልስ ለመስጠት የተዘጋጃችሁ ሁኑ ይላል። ሁለቱ አብረው ሲሄዱ መንገዱ ይታያል፦ ሳይጠየቁ በኑሮ፣ ሲጠየቁ በቃል። ልጁ ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ የጠየቀውን ያህል ብቻ መልሱለትና አቁሙ። ዓመታት ያጠራቀማችሁትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ብታፈስሱበት ሁለተኛ አይጠይቅም። መልሱን ካላወቃችሁት «አላውቀውም፤ እኔንም ያስጨንቀኛል» ማለት ከጥራዝ ነጠቅ መልስ ይሻላል።

ስለ ቤት ሥርዓት ብዙ አልልም። ቤቱ የእናንተ ነውና በውስጡ ምን እንደሚሆን መወሰን መብታችሁ ነው፤ ደንቡ ጥቂት፣ አስቀድሞ የተነገረና ለሁሉም ልጆች እኩል ይሁን። ልጁ በራሱ ቤት የሚያደርገው ግን በእናንተ ደንብ አይዳኝም። ገንዘብንም ለእምነት ጉቦ ወይም ቅጣት አታድርጉ፤ የሚረዳ ከሆነ ስለሚያስፈልገው እርዱት፤ መርዳቱ ለጥፋት የሚያግዘው ከሆነ ደግሞ ምክንያቱን ገልጣችሁ ከልክሉ። በሉቃስ 15 በጠፋው ልጅ ምሳሌ ያለው አባት ልጁ ሊሄድ ሲል ድርሻውን አልከለከለውም፤ በሩቅ አገር ሲራብም ስንቅ እንደላከለት አልተጻፈም።

ይልቅ የበለጠ የምፈራው ግማሽ እርቅ ነው። የንጉሥ ዳዊት ልጅ አቤሴሎም ወንድሙን አስገድሎ ወደ ጌሹር ሸሽቶ 3 ዓመት ተቀመጠ። ዳዊት ልቡ ናፍቆት አስመለሰው፤ ነገር ግን ፊቴን እንዳያይ ብሎ 2 ዓመት ሙሉ በአንድ ከተማ ሳሉ አላነጋገረውም። ከእምነት መራቅ ከደም ማፍሰስ ጋር አይነጻጸርም፤ የአቤሴሎም ዓመፅም የራሱ ኃጢአት ነው። ሆኖም «ና» ብሎ ጠርቶ ፊትን መንሣት ምን እንደሚመስል ከዚያ ታሪክ እማራለሁ። ልጁ በበዓል ወደ ቤት ይጠራል፤ ሲመጣ ግን ፊት ይነሣዋል፣ ትዳር አጋሩ እንደ እንግዳ ይታያል፣ በየንግግሩ መካከል ትንፋሽ ይሳባል። ዳዊት በመጨረሻ «ልጄ አቤሴሎም ሆይ» እያለ ሲያለቅስ ልጁ ሞቶ ስለነበር አይሰማውም ነበር። ያን ያህል ፍቅር በልባችሁ ካለ ልጁ በሕይወት ሳለ ይስማው።

የልጅ ልጆች፣ የትዳር አጋርና በቤት የቀሩት

የልጅ ልጆች ሲመጡ ፈተናው ይታደሳል። የጢሞቴዎስ አያት ሎይድ እምነቷን እስከ ልጅ ልጇ እንዳደረሰች ስናነብ እኛም በድብቅ ልንሞክር እንፈልጋለን። ከወላጆቻቸው ተደብቆ ሕፃናትን ማስተማር ግን ሕፃናቱን ምስጢር ያሸክማቸዋል፤ ሲታወቅም በሩ ይዘጋል። ለወላጆቻቸው በግልጽ ንገሯቸው፦ «በቤታችን ከምግብ በፊት እንጸልያለን፤ ማታም የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ እናነባለን፤ ከእኛ ጋር ሲያድሩ ይህን ብናደርግ ትፈቅዳላችሁ?» ከፈቀዱ በደስታ አድርጉ፤ ካልፈቀዱ ቃላችሁን ጠብቁ። አያቱ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው መሆኑን ያየ ሕፃን ትንሽ ነገር አላየም።

ባልና ሚስት ደግሞ በአንድ ዓይነት መንገድ አያዝኑም። አንዱ ይቆጣል፣ ሌላዋ ታለቅሳለች፤ አንዱ ስለ ልጁ መነጋገር ይፈልጋል፣ ሌላው ስሙ ሲነሣ ይወጣል። «አንተ ጨቁነኸው ነው»፣ «አንቺ አቀማጥለሽው ነው» የሚለው ክስ ከተጀመረ ቤቱ ልጁንም ትዳሩንም ያጣል። በሳምንት አንድ ጊዜ ስለዚህ ጉዳይ ብቻ የምትነጋገሩበት ሰዓት መድቡ፤ በቀረው ጊዜ ስለ ሌላው ሕይወታችሁ ተጫወቱ። ለልጁም በአንድ ቃል መልስ ስጡ፤ እናት የፈቀደችውን አባት አይከልክል።

በቤት የቀሩትን ልጆች እንዳትረሷቸው። የጠፋው ልጅ ምሳሌ የሚያበቃው በግብዣው ውስጥ ሳይሆን ከቤት ውጭ፣ ታላቁ ልጅ ተቆጥቶ አልገባም ባለበት ስፍራ ነው፤ አባቱም ለእርሱ ደግሞ ወጥቶ ለመነው። ወላጆቹ በራቀው ልጅ ኀዘን ተውጠው ሲኖሩ ያየ ታማኝ ልጅ፣ ሳልጠፋ ማንም አያየኝም ብሎ ማሰብ ይጀምራል። ታላቁ ልጃችን አንድ ቀን «እኔም እኮ አለሁ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ እርሱ የምጸልየው ጸሎት ከእህቱ ጸሎት እንዳያንስ እጠነቀቃለሁ።

ዓመታት ሲያልፉ

አንዳንዶቻችን መመለሱን በዚህ ዓለም አናይም። ይህን መናገር ያስጨንቃል፤ አለመናገር ግን መሸንገል ነው። ሕዝቅያስ ሲሞት ምናሴ የ12 ዓመት ልጅ ነበር። ምናሴ 55 ዓመት ነገሠ፤ በዚያ ዘመን ውስጥ የአባቱን ሥራ ካፈረሰ በኋላ በሰንሰለት ታስሮ ወደ ባቢሎን ተወሰደ፤ በጭንቁም ጊዜ፣ ሁለተኛ ዜና መዋዕል 33 እንደሚነግረን፣ በአባቶቹ አምላክ ፊት ራሱን አዋረደ፣ ተሰማለትም። አባቱ ይህን አላየም። ልብ የምለው «የአባቶቹ አምላክ» የሚለውን ቃል ነው፤ በዚያ እስር ቤት ወደ ማን እንደሚጮኽ ያውቅ ነበር። ሌላ ወላጅ ግን ይህን የመሰለ መጨረሻ አይነገረውም፤ እኔም ለማንም «ልጅህ በእርግጥ ይመለሳል» ብዬ ቃል ልሰጥ አልችልም። የማውቀው የምንታመነውን ነው፤ ልጁን ከእኛ አስቀድሞ የወደደው፣ ከእኛ ይልቅ የሚታገሠው፣ የማንደርስበት ቦታ ሁሉ የሚደርሰው እርሱ ነው። የልጁን መመለስ ብቻ የምንታመን ከሆነ ልጁ በራቀ ቁጥር እኛም ከእግዚአብሔር እንርቃለን፤ ይህን በራሴ አይቻለሁ። ስለዚህ እምነታችሁ በልጃችሁ ጉዳይ ብቻ እንዳይታጠር ስለ ራሳችሁ ነፍስም ጸልዩ፣ አገልግሉ፣ ከወዳጆች ጋር ሳቁ። መሳቅ ልጁን መክዳት አይደለም።

ቢመለስስ? ለዚያ ቀንም መዘጋጀት ያስፈልጋል፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚያ ነው። የጠፋው ልጅ በመንገድ ላይ ንግግር አዘጋጅቶ ነበር፤ «ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ» ወደሚለው ሳይደርስ አባቱ ልብስ አምጡ አለ። እናንተም ንግግሩን አታስጨርሱት፤ «ነግሬህ ነበር» አትበሉ፤ ዝርዝር ኑዛዜም አትጠይቁ። በጉባኤ ፊት ቆሞ እንዲመሰክር አትቸኩሉ፤ ለዘመዶች ሁሉ ለመደወል ስልክ አታንሡ። ምናልባት የሚመለሰው እናንተ በምታውቁት መንገድ ላይሆን ይችላል፤ ጥያቄዎቹ ግማሹ ሳይመለሱ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ከቅዳሴው ወይም ከጉባኤው መሐል ወጥቶ የሚሄድ ሊሆን ይችላል። አጠገቡ ቦታ ካለ ተቀመጡ፤ ካልፈለገም በተለመደው ቦታችሁ ሁኑ፤ ሲወጣ «ምሳ ቤት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።